ርካሽ አዲስ መኪና እና ዘግይቶ የሚመጣው ሂሳብ
(ከመኪና ታሪክ ለግዥ ኮሚቴዎቻችን የሚሆን ትምህርት)

እንደሚታወቀው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቅማቸው እየጎለበተ ሲመጣ ምርት ከማሰባሰብና ግብዓት ከማከፋፈል አልፈው የራሳቸውን ተሽከርካሪ ወደ መግዛት ይሸጋገራሉ። አንዱ ፒክአፕ ይገዛል፣ ሌላው የጭነት መኪና፣ ሌላው ደግሞ ትራክተር። ይህ የዕድገት ምልክት በመሆኑ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ለተሽከርካሪው የሚወጣው ገንዘብ ከአባላት ዕጣና ከትርፍ ክፍፍል ላይ ተቀንሶ የተቀመጠ፣ የብዙ ክረምት ላብ ያለበት ገንዘብ ነው። ስለሆነም ግዥ ኮሚቴው ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን ዋጋ ሲመርጥ የአባሉን ገንዘብ ጠበቀ ወይስ አባከነ የሚለው ጥያቄ ሊጤን የሚገባው ነው። ጥያቄው ከባድ የሚሆነው ደግሞ መልሱ በግዥው ቀን ስለማይታወቅ ነው። መልሱ የሚመጣው በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ነው።

በዚህ የበዓል መጽሔት የሚቀርበው አጭር ጽሑፍ በዓለም ላይ ርካሽ ተብለው የተሸጡ ጥቂት አዲስ መኪኖችን ታሪክ በመቃኘት፣ የትኛው ዕድሜ አገኘ፣ የትኛው ባለቤቱን ለዕዳ ዳረገ፣ ምክንያቱስ ምን ነበር የሚለውን ለማሳየት ይሞክራል። ዓ.ም. ተብለው ከተጠቀሱት በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ ሁሉ ጥርሱ ሙሉ ነው

አርሶ አደር በሬ ሲገዛ ዝም ብሎ አይገዛም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ ቀንበር የለመደ መሆኑን ይጠይቃል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም እንዲሁ ነው፤ መካኒክ ይዞ ይሄዳል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ ከሥሩ ተንበርክኮ ዝገት ይፈልጋል።

አዲስ መኪና ግን እንዲህ ዓይነት ምልክት አይሰጥም። አዲስ መኪና ሁሉ ጥርሱ ሙሉ ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩ አያንኮራኩርም፣ በሩ ሲዘጋ አይንቋቋም። ለዓመታት የሚያገለግለውና ቶሎ የሚደክመው በመሸጫው አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን ሊለዩ አይችሉም። ልዩነቱ ያለው ከማይታየው ዘንድ ነው፦ በላሜራው ውፍረት፣ በቀለሙ ሥር በተቀባው የዝገት መከላከያ፣ በጎማ ማኅተሞቹና በቺንጋዎቹ ጥራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናውን ሠርቶ የሸጠው ድርጅት ከአምስት ዓመት በኋላ በሚኖርበት ወይም በማይኖርበት ሁኔታ ነው። ታሪኩ የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው።

ርካሽነት ብቻውን ጥፋት አይደለም፦ የሞዴል ቲ ታሪክ

በቅድሚያ ርካሽ የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል። ሄንሪ ፎርድ በ1863 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ ሰው ነበሩ። በ1908 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ሲያወጡ ዋጋው 850 ዶላር ነበር። በ1925 ይኸው መኪና እስከ 260 ዶላር ወርዶ ተሸጠ። ማምረቱ በ1927 እስኪያበቃ ድረስም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ዋጋው እንዲህ የወረደው ብረቱ ስለሳሳ አልነበረም። በ1913 ፎርድ መኪናው በመስመር ላይ እየተጓዘ ሠራተኛው በቦታው ቆሞ የሚገጥምበትን አሠራር ጀመሩ። አንዱን መኪና ለመገጣጠም ቀደም ሲል ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። በሌላ አነጋገር የተቀነሰው የሥራው ጊዜ እንጂ የዕቃው ጥራት አይደለም። እንዲያውም ለዋና ዋና ክፍሎቹ ቫናዲየም የተቀላቀለበት፣ በዘመኑ ጠንካራ የሚባለው ብረት ነበር ጥቅም ላይ የዋለው።

ሞዴል ቲ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሩ የሚነሣው በእጅ በሚዞር ማኑቬላ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ ይሰብር ነበር። ሆኖም መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑ በጭቃ መንገድ ይሄዳል፤ የአንዱ መኪና ዕቃ ለሌላው በትክክል ይገጥማል፤ ገበሬው በመፍቻና በመዶሻ ራሱ ይጠግነዋል። የአሜሪካ ገበሬዎች የኋላ ጎማውን አንሥተው ቺንጋ በማሰር እንጨት ይሰነጥቁበትና እህል ይፈጩበት ነበር። ርካሽ ቢሆንም ባለቤቱን ያላሳፈረው ስለዚህ ነው።

ከአንድ አባት ሁለት ልጆች፦ ላዳ እና ዩጎ

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሡት ሁለት መኪኖች ታሪክ እጅግ አስተማሪ ነው። ሁለቱም የተወለዱት ከጣሊያኑ ፊያት ኩባንያ ነው። ሁለቱም የሶሻሊስት አገሮች ሥራ ናቸው። ሁለቱም ርካሽ ተብለው ወደ ውጭ ተልከዋል። ዕጣ ፈንታቸው ግን ለየቅል ሆነ።

የሶቪየት ኅብረት መንግሥት በ1966 ከፊያት ጋር በመዋዋል በቮልጋ ወንዝ ዳር ቶሊያቲ በተባለችው ከተማ ትልቅ ፋብሪካ አቋቋመ። ለመነሻ የተመረጠው ፊያት 124 ሲሆን፣ መኪናው በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብሎ የተሸለመ ነበር። የሶቪየት መሐንዲሶች ግን ለሽልማቱ ሳይገዙ መኪናውን በራሳቸው መጥፎ መንገድ ላይ ፈተኑት። አካሉ ተሰነጣጠቀ፤ የኋላው የዲስክ ፍሬን ጭቃ እየገባበት ቶሎ ቶሎ አለቀ። በዚህም ምክንያት ከ800 በላይ ማስተካከያ ተደረገ። ላሜራው ወፈረ፤ የኋላው ፍሬን ወደ ድራም ተለወጠ፤ መኪናው ከመሬት ከፍ አለ፤ በከባድ ብርድ ባትሪው ቢደክም በእጅ እንዲነሣ የማኑቬላ ቀዳዳ ተበጀለት። በ1970 ማምረት ተጀመረ። እኛ ላዳ የምንለው መኪና ይህ ነው።

በደርግ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ላዳ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ለአሥርተ ዓመታት የአዲስ አበባን ሕዝብ አመላልሷል። ከዚህም የተነሣ ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው ትንሿን የኮንትራት ታክሲ በጠቅላላው ላዳ እያለ ይጠራታል። ላዳ ምቾት የለውም፤ ነዳጅ ይበላል፤ ይዝጋል፤ ለተሳፋሪ ደኅንነትም ከዛሬ መኪና ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፤ መለዋወጫው መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የተሰበረው ይበየዳል፣ የተጣመመው ይቀናል። የሸጠው መንግሥት በ1991 ፈርሶ እንኳ መኪናው ያለ ጠጋኝ አልቀረም። የቀድሞው ቅርጽ ያለው ላዳ መመረቱ የቆመውም በ2012 ነው።

ሁለተኛው ልጅ ዩጎ ነው። በዩጎዝላቪያ፣ ሰርቢያ ውስጥ ክራጉዬቫትስ በምትባል ከተማ የሚገኘው ዛስታቫ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፊያት ፈቃድ መኪና ይሠራ ነበር። በ1980 ከፊያት 127 እና 128 የተወረሰ ትንሽ መኪና ማምረት ጀመረና ዩጎ አለው። ማልኮልም ብሪክሊን የተባሉ አሜሪካዊ ነጋዴ ይህን መኪና በ1985 ወደ አሜሪካ አስገቡት። ዋጋው 3,990 ዶላር ሲሆን፣ በጊዜው በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት አዲስ መኪኖች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በእጁ ያለው ገንዘብ ያገለገለ መኪና ብቻ የሚገዛለት ሰው አዲስ መኪና ማግኘት ቻለ። ሕዝቡም ተሻማ። በ1987 ብቻ ከ48,000 በላይ ተሸጠ።

ሂሳቡ የመጣው በኋላ ነው። ቀለሙ ደበዘዘ፤ የውስጥ ፕላስቲኩ ተሰባበረ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ አስቸገረ። ከሁሉም በላይ ያዋረደው ግን አንዲት ቺንጋ ነበረች። ነገሩ እንዲህ ነው። በሞተር ውስጥ ፒስተንና ባልቦላ እንደ ጥማድ በሬ እኩል መራመድ አለባቸው። ይህን እርምጃ የሚያስተካክለው በአንዳንድ ሞተር የብረት ካቴና ሲሆን፣ በሌላው የጎማ ቺንጋ ነው። የመጀመሪያው ላዳ ካቴና ነበረው። ዩጎ የጎማ ቺንጋ ነበረው። ይህ ቺንጋ በየ40,000 ማይል፣ ማለትም በየ64,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር ነበረበት። ካልተቀየረ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ደግሞ ፒስተኑ ወጥቶ ክፍት ባልቦላ ይመታል፤ ሞተሩም በአንድ ቅጽበት ይበላሻል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ፋብሪካው ቺንጋው እንዲቀየር በመመሪያው ጽፏል። ገዢው ግን መኪናውን የመረጠው ገንዘብ ስላጠረው ነው፤ ለጥገና የሚያወጣው ትርፍ ገንዘብ አልነበረውም። መኪናው ርካሽ ስለሆነም ለጥገና መክፈሉ ትርፍ ወጪ መሰለው። በመሆኑም ጥገና አብዝቶ የሚፈልግ መኪና ጥገና ማድረግ በማይችል ሰው እጅ ወደቀ። የብዙ ርካሽ መኪኖች የመጨረሻ ችግር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ከዚያም የባሰው መጣ። አስመጪው ድርጅት በ1989 ከሰረ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት በዩጎዝላቪያ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ወደ አሜሪካ የሚላከው መኪናም በዚያው ቆመ። እስከዚያ ድረስ የተሸጡት 141,651 መኪኖች ናቸው። ባለቤቶቹ መለዋወጫ የሚጠይቁበት ደጅ አጡ። የሁለተኛ እጅ ዋጋው ወድቆ፣ መኪናው በአሜሪካ የቀልድ መጫወቻ ሆነ። ፋብሪካው በ1999 በኔቶ ቦምብ ተመትቶ ቆስሏል፤ የመጨረሻው ዩጎም በ2008 ተሠርቶ ታሪኩ ተዘጋ። በአገሩ ግን ዩጎ እስከ መጨረሻው ሲነዳና ሲጠገን ኖሯል፤ እዚያ መካኒኩም መለዋወጫውም በእጅ ስለነበረ ነው። እንግዲህ አንዱ መኪና በአንድ አገር መሣቂያ፣ በሌላው አገር አገልጋይ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የወደቀ ስም እንዴት ይነሣል፦ ሃዩንዳይ

ሦስተኛው ታሪክ የኮሪያው ሃዩንዳይ ነው። መሥራቹ ቹንግ ጁ-ዩንግ በ1915 በዛሬይቱ ሰሜን ኮሪያ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው አባታቸው ላም የሸጡበትን ገንዘብ ይዘው ወደ ሴኡል ኮበለሉ። ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ የመኪና ጋራዥ ነበር። የመኪና ኩባንያውን ያቋቋሙት በ1967 ነው። በ1998 ሃብታም ሽማግሌ ሆነው፣ ለዚያች አንዲት ላም ብድር መመለሻ ይሁን በማለት በሁለት ዙር 1,001 ከብት በጭነት መኪና አስጭነው ድንበሩን በማቋረጥ ለሰሜን ኮሪያ አስረክበዋል።

ኩባንያው በ1986 ኤክሴል የተባለውን መኪና በ4,995 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት 168,882 መኪና ሸጠ፤ በ1987 ከ260,000 በላይ ሸጠ። ይህ ለጀማሪ ኩባንያ ታይቶ የማይታወቅ ውጤት ነበር። ነገር ግን ኤክሴል ዓመታት ሲያልፉ ደከመ። ሞተሩ ዘይት መጨረስ፣ ካምቢዮው መበላሸት፣ ቀለሙ መላጥ ጀመረ። ብዙ ገዢዎች መኪናውን የወሰዱት በብድር ስለነበር፣ ዕዳቸውን ከፍለው ሳይጨርሱ የመኪናው ዋጋ ከዕዳው በታች ወረደ። ወሬው ከሰው ወደ ሰው ተዛመተ። በ1998 የኩባንያው የአሜሪካ ሽያጭ ወደ 90,000 ገደማ አሽቆለቆለ። በሁለት ዓመት የተገኘ ገበያ በአሥር ዓመት ውስጥ ተበተነ።

ከዚህ በኋላ የመሥራቹ ልጅ ቹንግ ሞንግ-ኩ ኃላፊነቱን ያዙ። እኒህ ሰው ቀደም ሲል ይመሩ የነበሩት የጥገና አገልግሎቱን ክፍል ስለሆነ፣ ደንበኛ በምን እንደሚያለቅስ ያውቃሉ። የጥራት ክፍሉን ሠራተኞች ከ100 ወደ 1,000 አሳደጉ። ለአሜሪካ ገዢ ደግሞ ለሞተርና ለካምቢዮ የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና ተሰጠ። ብዙዎች ይህን እንደ ዕብደት ቆጠሩት። በእርግጥም መኪናው ባይሻሻል ኖሮ ኩባንያው በጥገና ወጪ ይከስር ነበር። የዋስትናው ትልቁ ትርጉም ግን እዚህ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መኪናው ሲበላሽ ከፋዩ ገዢው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከፋዩ ፋብሪካው ሆነ። ከፋዩ ሲለወጥ ጥራቱ ተለወጠ።

በ2004 ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው የአሜሪካ አጥኚ ድርጅት በገዢዎች ጥያቄ ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ደረጃ ሃዩንዳይ ከታላላቆቹ የጃፓን ኩባንያዎች ጎን ተሰለፈ። የዚያ ዓመት ሽያጩም ከ400,000 አለፈ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ጥናት የሚመለከተው የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ብቻ መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ያገለገሉ መኪኖች በሚመዘኑበት ጥናት ሃዩንዳይ በዚያው ዓመት ገና ከአማካዩ በታች ነበር። የ90 ቀን ጥራትና የዓመታት ጥራት አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ታሪኩም በዚህ አላበቃም። ከ2015 ጀምሮ የሃዩንዳይና የእህት ኩባንያው የኪያ አንዳንድ ሞተሮች መንገድ ላይ እየቆሙና አንዳንዶቹም እየተቃጠሉ በማስቸገራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪኖች በአሜሪካ ለጥገና ተጠርተዋል። በ2020 ሁለቱ ኩባንያዎች ጥሪውን በወቅቱ አላደረጉም ተብለው በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል ስምምነት ጉዳዩን ዘግተዋል። ጥራት አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀመጥ ቅርስ ሳይሆን በየዓመቱ እንደሚታረስ ማሳ ነው።

ናኖ፦ በርካሽነቱ ስም የተጎዳ

በ2008 የሕንዱ ታታ ኩባንያ በዓለም ርካሽ የተባለውን ናኖ አስተዋወቀ። የታሰበው ዋጋ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር፤ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ሞተር ሳይክል ተጨናንቀው ከመሄድ ቢገላገሉ ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ ለፋብሪካው በምዕራብ ቤንጋል ሲንጉር ከተባለው ቦታ የገበሬዎች መሬት በመወሰዱ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣና ፋብሪካው ወደ ጉጃራት ተዛወረ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2016 መሬቱ ለገበሬዎቹ እንዲመለስ ወስኗል።

መኪናው በ2009 ለገበያ ከቀረበ በኋላ ጥቂቶቹ በእሳት ተያያዙ። ኩባንያው ነጻ ማስተካከያ አደረገ፤ ዋስትናውንም ወደ አራት ዓመት አራዘመ። ነገር ግን ዓመታዊ ሽያጩ በ75,000 አካባቢ ጣራ ነክቶ ቁልቁል ሄደ። በ2014 በተደረገ የግጭት ፈተና ምንም ኮከብ አላገኘም። በሰኔ 2018 በወሩ ውስጥ የተሠራው አንድ መኪና ብቻ ነበር። መካከለኛ ገቢ ያለው ሕንዳዊ ከናኖ ይልቅ ሁለተኛ እጅ የሆነ የታወቀ መኪና መረጠ። መለዋወጫው የሚገኝ፣ ሲሸጥም ዋጋ የሚያወጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን ለረዥም ዘመን መኪና ማለት በአብዛኛው ያገለገለ መኪና ማለት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣሉ ወደ አዲሱ የሚያዘነብለው ገዢ በዛ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞቻችን እየተበራከቱ ነው። ስለዚህ በ1985 የአሜሪካ ገዢ ፊት የቀረበው ጥያቄ ዛሬ በእኛ ፊት ቀርቧል።

የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ ባልቦላ የለውም፤ የምትበጠስ የሞተር ቺንጋ የለችውም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል ባትሪው ሲሆን፣ ባትሪ በዓመታት ውስጥ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ አምራቾች በየአገራቸው ለባትሪው የስምንት ዓመት ያህል ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በነጋዴ በኩል ሲገባ ያ ዋስትና አብሮት መግባቱ የተረጋገጠ አይደለም። አምራቹ ቢወድቅስ? በ2023 ዌይማ የተባለው የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ ባለቤቶቹ በገዛ አገራቸው የመለዋወጫና የሶፍትዌር አገልግሎት እስከማጣት ደርሰዋል። የዩጎ ታሪክ በአዲስ መልክ ተደገመ ማለት ነው።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራ?

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የስሌት ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ እንጂ የማንም ድርጅት ዋጋ አይደሉም። ሁለት ፒክአፖች ለጨረታ ቀርበዋል እንበል። አንደኛው 1,500,000 ብር፣ ሁለተኛው 2,100,000 ብር ነው። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ ኮሚቴውም 600,000 ብር አዳንኩ ብሎ ለጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ያቀርባል።

አምስት ዓመት እንቁጠር። የመጀመሪያው ለጥገና 900,000 ብር ወጣበት፤ በመጨረሻ በ200,000 ብር ተሸጠ። ጠቅላላ ወጪው 2,200,000 ብር ሆነ። በዓመት ከ300 የሥራ ቀናት 60ውን ጋራዥ ቆሞ ስለሚያሳልፍ በአምስት ዓመት የሠራው 1,200 ቀን ነው። ሁለተኛው ለጥገና 300,000 ብር ወጣበት፤ በ900,000 ብር ተሸጠ። ጠቅላላ ወጪው 1,500,000 ብር ነው። በዓመት 15 ቀን ብቻ ስለቆመ 1,425 ቀን ሠራ። ለነዳጅና ለሾፌር የሚወጣውን ሳንጨምር አንደኛው በቀን 1,833 ብር፣ ሁለተኛው 1,053 ብር ገደማ አስወጣ። ርካሽ የተባለው ውድ፣ ውድ የተባለው ርካሽ ሆነ። መኪናው የቆመባቸው ቀናት ደግሞ በመከር ጊዜ ከሆኑ፣ በማሳ ላይ ዝናብ የመታው እህል በስሌቱ ውስጥ አልገባም።

ስሌቱ ተገልብጦም ሊመጣ ይችላል። ውድ መኪና መለዋወጫው በአካባቢው ከሌለ ከርካሹ የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ዋጋው ዝቅ ማለቱም ከፍ ማለቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከላይ ካየናቸው ታሪኮች በመነሣት የሚከተሉት አራት ጥያቄዎች በጨረታ ሰነድ ውስጥ ቢካተቱ ይበጃል።

አንደኛ፦ ዋጋው የወረደው ከምን ላይ ተቀንሶ ነው? እንደ ሞዴል ቲ ከአሠራሩ ነው ወይስ ከብረቱ? ይህን ለማወቅ ያንኑ ሞዴል አራትና አምስት ዓመት የነዱ ባለቤቶችን ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ሻጩን መጠየቅ ግን አይበቃም።

ሁለተኛ፦ ሲበላሽ ከፋዩ ማን ነው? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ምን ምን ይሸፍናል? በጽሑፍ የሰጠው ማን ነው? ፋብሪካው ነው ወይስ ነጋዴው?

ሦስተኛ፦ ዩኒየኑ ባለበት ወረዳ ወይም በቅርቡ ባለው ከተማ የሚጠግነው መካኒክና መለዋወጫው አለ? አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ዕቃ ለመከር ጊዜ አይደርስም።

አራተኛ፦ የጥገና በጀት ተይዟል? መኪና ገዝቶ የጥገና በጀት አለመያዝ በሬ ገዝቶ ድርቆሽ አለማስቀመጥ ነው። ዩጎን የገደለው በወቅቱ ያልተቀየረ ቺንጋ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ለአካባቢ የሥራ ኃላፊዎችም የሚቀርብ ሐሳብ አለ። ኦዲተር ሲመጣ ዝቅተኛውን ዋጋ የመረጠ ኮሚቴ አይጠየቅም፤ ከፍ ያለውን የመረጠ ግን ይጠረጠራል። በዚህ ምክንያት ኮሚቴዎች ለዩኒየኑ የሚበጀውን እያወቁ ለራሳቸው የሚያዋጣውን ይመርጣሉ። ይህ እንዳይሆን የአምስት ዓመቱ ስሌት በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ከተያያዘ ኮሚቴው በቂ ማስረጃ እንዳቀረበ ሊቆጠርለት ይገባል። የቁጥጥር ኮሚቴውም በግዥው ዓመት ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ተሽከርካሪው ስንት ቀን ሠራ፣ ስንት ቀን ቆመ፣ ምን ያህል አስወጣ የሚለውን ለጉባኤው ቢያቀርብ፣ የሚቀጥለው ግዥ በግምት ሳይሆን በማስረጃ የሚፈጸም ይሆናል።

የላዳ ባለቤት ብቻውን አልነበረም። መካኒኩ፣ የመለዋወጫ ነጋዴው፣ በያጁና የታክሲ ባልደረባው አብረውት ነበሩ። የዩጎ ባለቤት በአሜሪካ አስመጪው ሲከስር ብቻውን ቀረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ብዙ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል አንድ ዓይነት ተሽከርካሪ ቢመርጡ፣ መለዋወጫውን በጋራ ቢያከማቹ፣ አንድ መካኒክ በጋራ ቢቀጥሩ፣ ሻጩንም በአንድ ድምፅ ዋስትና ቢጠይቁት፣ ለነጠላ ገዢ የማይሰጠው መልስ ለእነርሱ ሊሰጥ ይችላል። በመጪዎቹ ዓመታት ለተሽከርካሪ የሚወጣው የአባላት ገንዘብ ከዚህ ዓይነት ምክክር በኋላ እንዲወጣ እየተመኘን፣ ለመላው አባላት መልካም የምሥረታ በዓል እንላለን።